የጌም ሞኒተር ከመግዛት በፊት ማሽኑንም መብራቱንም ማየት

ወልድያ፦ ጌም ቤት ከፍቶ ራሱን ለመቻል ያሰበ ወጣት ከቤት ኪራይ ቀጥሎ ብዙ ገንዘብ የሚያወጣው ለማጫወቻውና ለሞኒተሩ ነው። ገንዘቡ ብዙ ጊዜ የእርሱ ብቻ አይደለም። በብድር የተገኘ፣ ወይም ወላጅ እህል ሸጦ፣ በግ ለገበያ አውጥቶ የሰጠው ሊሆን ይችላል። የተገዛው ሞኒተር ለሥራው የማይስማማ ከሆነ፣ ወይም በወሩ ከተቃጠለ፣ ኪሳራው ለቤተሰቡ ሁሉ ይተርፋል።

ወልድያ ከአዲስ አበባ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ትርቃለች፤ የሐብሩ ወረዳ መቀመጫ መርሳም ከወልድያ ወደ ደሴ በሚወስደው መንገድ ላይ ትገኛለች። ከመርካቶ የመጣ ዕቃ ጉድለት ቢገኝበት መልሶ ለመውሰድ የሚወጣው ወጪና የሚባክነው ጊዜ ቀላል አይደለም። ስለዚህ ጥንቃቄው ከክፍያ በፊት ሊሆን ይገባል።

ኸርዝ ምንድን ነው?

ሻጮች የጌም ሞኒተርን ሲያስተዋውቁ አስቀድመው የሚጠሩት ቁጥር ኸርዝ ነው። ይህ ቁጥር ስክሪኑ በአንድ ሰከንድ ውስጥ ምስሉን ስንት ጊዜ እንደሚያድስ ያመለክታል። 60 ኸርዝ የሆነ ሞኒተር በየ17 ሚሊ ሰከንድ ገደማ፣ 144 ኸርዝ የሆነው ደግሞ በየ7 ሚሊ ሰከንድ ገደማ አዲስ ምስል ያሳያል። ቁጥሩ በጨመረ መጠን የኳሷና የተጫዋቹ እንቅስቃሴ ይለሰልሳል።

ሆኖም ሞኒተር የሚያሳየው ማሽኑ የላከለትን ብቻ ነው። ፕሌይስቴሽን 4 ወደ ስክሪን የሚልከው ቢበዛ 60 ኸርዝ በመሆኑ፣ ለእርሱ ባለ 144 ኸርዝ መግዛት ትርፍ ወጪ ነው። ፕሌይስቴሽን 5 እስከ 120 ኸርዝ ይደርሳል፤ ይህም ለዚያ በተዘጋጁ ጨዋታዎች ብቻ ነው። በኮምፒውተር ለሚጫወቱ ወሳኙ ግራፊክስ ካርዱ ነው። አቅም ለሌለው ኮምፒውተር ውድ ሞኒተር መግዛት በሬ ሳይኖር ቀንበር እንደመግዛት ይቆጠራል። አቅም ያለው ኮምፒውተርም ቢሆን በ60 ኸርዝ ተስተካክሎ ሊቆይ ስለሚችል፣ ከተገጠመ በኋላ በስክሪን ማስተካከያው ውስጥ ገብቶ ከፍተኛውን ቁጥር መምረጥ ያስፈልጋል።

ጥራትና የስክሪን ዓይነት

ፉል ኤችዲ የሚባለው ስክሪን 1920 በ1080፣ ማለትም 2 ሚሊዮን ገደማ ነጥቦች አሉት። ፎር ኬ የዚህን አራት እጥፍ ስለሚይዝ ማሽኑም በዚያው ልክ ጉልበት ይጠየቃል። ለ24 ኢንች ሞኒተር ፉል ኤችዲ በቂ ነው። ስክሪኑ 27 ኢንችና ከዚያ በላይ ሲሆን እነዚያው ነጥቦች ስለሚሰፉ ቀርቦ ለሚቀመጥ ሰው ምስሉ ሻካራ ይመስላል።

በገበያ ላይ በብዛት የሚገኙት የስክሪን ዓይነቶች ሦስት ናቸው። ቲኤን ፈጣንና ርካሽ ቢሆንም ከጎን ሲታይ ቀለሙ ይደበዝዛል። ቪኤ ጥቁርን አጥልቆ ያሳያል፤ ነገር ግን በጨለማ ትዕይንት ፈጣን እንቅስቃሴ ጥላ ሊያስከትል ይችላል። አይፒኤስ ከየትኛውም ጎን ቀለሙን ይጠብቃል። በጌም ቤት ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ተቀምጠው ስለሚጫወቱ አይፒኤስ ይመረጣል።

በቤቱ ቴሌቪዥን ያለው ሰው አዲስ ሞኒተር ከመግዛቱ በፊት የቴሌቪዥኑን ማስተካከያ ይፈትሽ። ብዙ ቴሌቪዥኖች ምስሉን ለማሳመር ሲሉ ጥቂት ያዘገዩታል፤ «ጌም ሞድ» የሚለው ምርጫ ሲበራ መዘግየቱ ይቀንሳል።

የመብራት ጉዳይ

የኢትዮጵያ የኤሌክትሪክ መስመር 220 ቮልት ነው። ከሞኒተሩ ጀርባ ወይም ከአስማሚው ላይ «100–240» የሚል ጽሑፍ ካለ ያለ ስጋት ይሠራል። «110» ወይም «120» ብቻ የሚል ከሆነ ግን ቮልት መቀነሻ ካልተገጠመለት በቀጥታ ሲሰካ ይቃጠላል። ያገለገለ ዕቃ ሲገዛ ይህን ጽሑፍ ማንበብ ግዴታ ነው።

መብራት ሄዶ ሲመጣ የሚከሰተው የኃይል መዋዠቅም ዕቃ ይጎዳል። ስታብላይዘር መጠቀም፣ መብራት ሲጠፋም ሶኬቱን መንቀል ጉዳቱን ይቀንሳል። ዩፒኤስ ለመግዛት ያሰበ ሰው የሞኒተሩን ብቻ ሳይሆን የማጫወቻውንም ፍጆታ ይደምር። አንድ ባለ 24 ኢንች ሞኒተር ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ዋት ይበቃዋል፤ ማጫወቻው ግን የዚህን ብዙ እጥፍ ይወስዳል። እንደ መርሳ ባለ ሞቃታማ አካባቢ ደግሞ ከዕቃዎቹ ጀርባ አየር የሚያልፍበት ክፍተት መተው ተገቢ ነው።

ከመክፈል በፊት የሚደረግ ፍተሻ

ሞኒተሩ በሱቁ ውስጥ ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት በርቶ ይታይ። ሙሉ ነጭ፣ ሙሉ ጥቁርና ሙሉ ቀይ ምስል ሲከፈትበት የሞቱ ነጥቦች፣ መስመሮችና የጠርዝ ብርሃን ይለያሉ። የኤችዲኤምአይ መሰኪያው ገመዱ ሲነካ ምስሉን የሚያቋርጥ ከሆነ ተበላሽቷል ማለት ነው። ቪጂኤ ብቻ ያለው አሮጌ ሞኒተር ከፕሌይስቴሽን ጋር በቀጥታ አይገናኝም። ብዙ ሞኒተሮች ድምፅ ማጉያ ስለሌላቸው፣ ቢያንስ የድምፅ ገመድ ማውጫ ያለው መሆኑ ይረጋገጥ። ደረሰኝና የዋስትና ጊዜውን የሚገልጽ ጽሑፍ መቀበልም አይዘንጋ።

በጥቅሉ ፕሌይስቴሽን 4 ላለው ሰው ባለ 24 ኢንች፣ ፉል ኤችዲ፣ 60 ወይም 75 ኸርዝ የሆነ አይፒኤስ ሞኒተር ይበቃዋል። ከዚያ በላይ የሚተርፈው ገንዘብ ለስታብላይዘርና ለዩፒኤስ ቢውል ዕቃው ዕድሜ ያገኛል፤ ብድሩም ሞኒተሩ ሳይበላሽ ተከፍሎ ሊያልቅ ይችላል።