«ሰኞ እንደገና እጀምራለሁ»፦ ክብደት ስለመቀነስ ወላጆች የሚያምኗቸው ተረቶች

ሁለት ወር ሙሉ ምግቡን ሲመጥን የቆየ አባት ፋሲካ ይደርስና ዶሮውን፣ ዱለቱን፣ ጠላውን ከቤተሰቡ ጋር ያጣጥማል። ማክሰኞ ጠዋት ሚዛን ላይ ሲወጣ 2 ኪሎ ጨምሯል። «በቃ፣ ሁሉም ገደል ገባ» ይላል። የቀረውን ሳምንት እንዳሻው ይበላና ሰኞ ሊጀምር ለራሱ ቃል ይገባል። ሰኞ ደግሞ ልጁ ያተኩሰዋል፣ መሥሪያ ቤት ስብሰባው ይረዝማል፤ ቃሉም ወደሚቀጥለው ሰኞ ይሻገራል። ወላጆችን ከበዓሉ ዶሮ ይልቅ የሚጎዳቸው ይህ «ገደል ገባ» የሚሉት ድምዳሜ ነው ብዬ አምናለሁ።

ሒሳቡን እንየው። 1 ኪሎ የሰውነት ስብ ወደ 7,700 ኪሎ ካሎሪ ይይዛል። በሁለት ቀን 2 ኪሎ ስብ ለማከማቸት፣ ሰውነት ከሚያስፈልገው በተጨማሪ 15,000 ኪሎ ካሎሪ ገደማ መብላት ይጠይቃል። ይህን የሚችል ሆድ አይገኝም። ሚዛኑ ላይ የታየው ጭማሪ በአብዛኛው ውሃ ነው። የበዓል ምግብ ጨው ይበዛዋል፤ ጨው ደግሞ ውሃ ይይዛል። ከእንጀራና ከዳቦ የተገኘው ኃይልም ግላይኮጅን ሆኖ በጉበትና በጡንቻ ሲቀመጥ፣ እያንዳንዱ ግራም 3 ግራም ያህል ውሃ ይዞ ይቀመጣል። ወደ ወትሮው አመጋገብ ሲመለሱ ይህ ውሃ በጥቂት ቀናት ውስጥ ይወጣል። ስለዚህ የሚመለሱት በቀጣዩ ምግብ ነው። ምሳ ላይ ቢበዛ ራትን እንደ ወትሮው መብላት ይበቃል።

«ልማድ በ21 ቀን ይያዛል፤ አንድ ቀን ከተዘለለ ግን ከዜሮ ይጀመራል» የሚለውም ትክክል አይደለም። የለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ተመራማሪዋ ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባሳተሙት ጥናት፣ አዲስ ልማድ ብዙ ሳይታሰብበት የሚደረግ እስኪሆን መካከለኛው ጊዜ 66 ቀን ነበር። ለአንዳንዱ 18 ቀን ሲበቃ ለሌላው እስከ 254 ቀን እንደሚፈጅ ተገምቷል። ከሁሉ በላይ ወላጅን የሚያጽናናው ሌላው ግኝት ነው፤ አንድ ቀን መዝለል ሒደቱን ያን ያህል አላደናቀፈውም።

«የጾም ምግብ አያወፍርም» የሚለው እምነት በየቤቱ ሥር የሰደደ ስለሆነ እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባል። ሁዳዴን ጾሞ ልብስ የሚጠበው ሰው ጥቂት አይደለም። ሥጋና ቅቤ ሲቀሩ ቦታቸውን የሚይዘው ዘይት ነው፤ በካሎሪ ደግሞ ዘይት ከቅቤ አያንስም። 1 ግራሙ 9 ኪሎ ካሎሪ፣ አንድ የሾርባ ማንኪያው 120 ኪሎ ካሎሪ ያህል አለው። ሥራ ውላ የገባች እናት ልጆቹ ሳይተኙባት ራት ለማድረስ ስትጣደፍ ዘይቱን ከጀሪካኑ በቀጥታ ድስቱ ላይ ታንቆረቁራለች። መጠኑን የሚያውቀው እጇ ነው። በመለኪያ ቢታይ 100 ሚሊ ሊትር ሊደርስ ይችላል፤ እሱ ብቻውን ከ800 ኪሎ ካሎሪ በላይ ነው። መላው ከድሮም በእናቶቻችን ጓዳ ያለ ነው፦ ሽንኩርቱን መጀመሪያ ያለ ዘይት፣ ውሃ ጠብ እያደረጉ እስኪበስል ማቁላላትና ዘይቱን ኋላ በማንኪያ ቆጥሮ መጨመር። ሽሮውም ምስሩም ጣዕሙን አያጣም። እንጀራን ጠላት ማድረግም አያስፈልግም። ቤተሰቡ እንጀራ ከብቦ እናት ብቻዋን ለብቻዋ ያዘጋጀችውን ሰላጣ የምትበላበት ሥርዓት ብዙ አይዘልቅም፤ ባይዘልቅም አይፈረድባትም።

«ኧረ ምንም አልበላሁም!» የሚሉ እናቶች አይዋሹም። ልጁ የተወውን መኮሮኒ፣ የተገመሰውን ዳቦ፣ የተረፈችውን የእንቁላል ቁራሽ ሳህን ማጠቢያው አጠገብ እንደቆሙ ይጨርሱታል፤ ምግብ መጣል ነውር ነዋ። ቁጭ ብለው ስላልበሉት ግን ከምግብ አይቆጥሩትም። ለልጁ መጀመሪያ ትንሽ አቅርቦ ሲፈልግ መጨመር፣ የተረፈውንም ምሳ ዕቃ ውስጥ ማስቀመጥ ከነውሩም ከካሎሪውም ያድናል። ቡናውም እንዲሁ ነው። ከአቦል እስከ በረካ በየስኒው ሁለት የሻይ ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው በአንድ ተቀምጦ 24 ግራም ያህል ስኳር ይጠጣል። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው መመሪያ፣ ቢቻል ለቀኑ በሙሉ 25 ግራም ገደማ እንዳይታለፍ መክሯል። ቡናው ይቅር የሚል የለም፤ ስኳሩ በየሳምንቱ ትንሽ ትንሽ ቢቀንስ ምላስ ይለምደዋል።

«ጂም ካልገባሁ ዋጋ የለውም» ለሚሉ፣ ይኸው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 መመሪያውን ሲያድስ እንቅስቃሴ ቢያንስ 10 ደቂቃ ሳይቋረጥ ካልተሠራ አይቆጠርም የሚለውን የቀድሞ ገደብ አንስቶታል። ልጅን በእግር ትምህርት ቤት ማድረስ፣ ዘንቢል ይዞ የኮንዶሚኒየሙን አራት ፎቅ መውጣት በሳምንት ከሚመከረው ቢያንስ 150 ደቂቃ ውስጥ ይገባል። ብዙ መብላትን በእንቅስቃሴ ብቻ አካክሳለሁ ማለት ግን አያዋጣም፤ የግማሽ ሰዓት እርምጃ የሚያቃጥለው ከአንድ ማንኪያ ዘይት ብዙም አይበልጥም።

በባዶ ሆድ የሚጠጣ ሎሚና ዝንጅብል ቦርጭ አያቀልጥም። ወገብ ላይ ላስቲክ ጠቅልሎ ማላብ የሚያወጣው ውሃ ነው፤ ሲጠጡ ይመለሳል።

ስለ እንቅልፍ ግን ብዙ አይወራም። እ.ኤ.አ. በ2010 በታተመ አነስተኛ የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ጥናት 10 ሰዎች ካሎሪው የተቀነሰ ተመሳሳይ ምግብ እየበሉ ለሁለት ሳምንት 8 ሰዓት ተኩል፣ በሌላ ጊዜ ደግሞ ለሁለት ሳምንት 5 ሰዓት ተኩል የመተኛ ጊዜ ተሰጣቸው። እንቅልፍ ባነሰበት ወቅት የቀነሱት ስብ በ55 በመቶ ያነሰ ነበር፤ ረሃባቸውም ብሷል። ሌሊት ሦስት ጊዜ የምትነሳ እናት ጠዋት ብስኩት ቢያምራት ስንፍና አይደለም። ለአራስና ለምታጠባ እናት ምግብ በኃይል መቀነስ ጭራሽ አይመከርም፤ የስኳር መድኃኒት የሚወስድ ሰውም አስቀድሞ ሐኪሙን ማማከር አለበት። ጡት ለማያጠባው ለአባትየው ደግሞ የሚሠራው አለው። ሕፃኑን የማባበሉንና የዳይፐር መቀየሩን ተራ ከእኩለ ሌሊት በኋላ ቢረከብ፣ ሚስቱ እንቅልፏ ሳይቋረጥ የምትተኛው ያ ሰዓት ከማንኛውም የዳይት ፕሮግራም በፊት የሚያስፈልጋት ነው።