ሒሳብን በጆሮና በጣት



ከፍኖተ ሰላም እስከ ቡሬ ባሉት ገጠሮች ስንዘዋወር፣ የሒሳብ ሰዓት ሲደርስ እጁን አጣጥፎ የሚቀመጥ ዓይነ ስውር ተማሪ አጋጥሞናል። «አያይምና ይለፈው» ይባላል። የልጁ አእምሮ ግን ሙሉ ነው፤ የጎደለው የትምህርቱ አቀራረብ ነው።

ፈረንሳዊው ሉዊ ብሬል እ.ኤ.አ. በ1829 ያሳተመው በጣት የሚነበብ ጽሕፈት በ6 ነጥቦች የተመሠረተ ነው። ቁጥርም ይጻፍበታል፤ የቁጥር ምልክት ከፊት ሲገባ የመጀመሪያዎቹ 10 የላቲን ፊደላት ከ1 እስከ 9ና 0 ሆነው ይነበባሉ።

የብሬል መጽሐፍ በሌለበት ግን ልጁ የሚማረው ከሚያነብለት ሰው አፍ ነው። ስለዚህ አንባቢው ይጠንቀቅ። «6 ሲደመር 4 ሲካፈል ለ2» ብንለው መልሱ 5 ነው ወይስ 8? በመጽሐፉ ላይ ቅንፍ አለ፤ እኛ ግን ዘለልነው። «ቅንፍ ክፈት፣ 6 ሲደመር 4፣ ቅንፍ ዝጋ፣ ሲካፈል ለ2» ብንል 5 መሆኑን ልጁ ራሱ ይደርስበታል።

ሥዕልም እንዲሁ ነው። ሦስት ማዕዘን ለማስተማር ሲባጎ በካርቶን ላይ በሙጫ ይለጠፍ፤ ሲደርቅ ልጁ መስመሩን በጣቱ ይከተላል። በየማዕዘኑ አንዳንድ የባቄላ ፍሬ ይጣበቅ። ለትምህርቱ የማያስፈልግ ጌጥ አይጨመር፤ ጣትን ያሳስታል። በሲባጎ የማይሠራውን ሥዕል በቃል እንግለጽ፤ በመጀመሪያ ጠቅላላውን፣ ቀጥሎ ዝርዝሩን።

ሲባጎውና ሙጫው ከገበያ ይገኛሉ። የጎደለው ከልጁ አጠገብ ተቀምጦ የሚያነብ ሰው ነው። ከየጉባኤያችሁ አንድ ወጣት በሳምንት አንድ ከሰዓት በኋላ ቢሰጥ፣ «ይለፈው» የተባለው ልጅ እጁን አንሥቶ ይመልሳል።