የልደት መዝገብና የጋብቻ ዕድሜ፦ ከአጥቢያችን ምን ይጠበቃል?

በደሃና ወረዳ ገጠር ቀበሌዎች ሕፃን ሲወለድ ቀኑን የሚያስታውሱ ብዙ ናቸው፤ የሚጽፉት ግን ጥቂቶች ናቸው። እናት «የመስቀል ሰሞን ነበር» ትላለች፤ አባት «ጤፉ በታጨደበት ወር» ይላል። ይህ ትዝታ ለቤተሰብ ይበቃል። ልጅቷ አድጋ ለጋብቻ ስትጠየቅ ወይም ጉዳይዋ ፍርድ ቤት ሲደርስ ግን የሚፈለገው የጽሑፍ ማስረጃ ነው። ስለዚህ በዚህ እትማችን የጋብቻ ዕድሜንና የልደት ምዝገባን የሚመለከቱ ሕጎች እንዴት እንደተለወጡ፣ ለውጡም የአጥቢያ አገልግሎታችንን በምን እንደሚነካ ልናብራራ ወደድን።

የሕጉ ለውጥ

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ የጋብቻን ዕድሜ ለወንድ 18፣ ለሴት 15 ዓመት አድርጎ ነበር። የተሻሻለው የፌዴራል የቤተሰብ ሕግ (አዋጅ ቁጥር 213/1992) ለሁለቱም 18 ዓመት አደረገው። የአማራ ክልልም በቤተሰብ ሕጉ (አዋጅ ቁጥር 79/1995) ይህንኑ ዕድሜ ደነገገ። ከግንቦት 1 ቀን 1997 ዓ.ም. ጀምሮ የጸናው የወንጀል ሕግ በአንቀጽ 648 መሠረት፣ የቤተሰብ ሕግ ከሚፈቅደው ውጭ ለአካለ መጠን ያልደረሰች ልጅን ያገባ ሰው ይቀጣል፤ ልጅቷ 13 ዓመት የሞላት ከሆነች እስከ 3 ዓመት፣ ከ13 ዓመት በታች ከሆነች እስከ 7 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እስራት።

ዕድሜን የሚወስነው ሕግ ቀደመ፤ ዕድሜን የሚያረጋግጠው መዝገብ ግን ዘገየ። ልደት፣ ጋብቻ፣ ፍቺና ሞት በመንግሥት መዝገብ እንዲሰፍሩ ያስገደደው አዋጅ ቁጥር 760/2004 ነው። ምዝገባው በመላ አገሪቱ የተጀመረው በ2008 ዓ.ም. መጨረሻ ሲሆን፣ አዋጁም በአዋጅ ቁጥር 1049/2009 ተሻሽሏል። በዚህ ሕግ ልደት በ90 ቀናት ውስጥ፣ ጋብቻ ደግሞ በ30 ቀናት ውስጥ እንዲመዘገብ ተወስኗል። መዝጋቢው በቀበሌ የሚገኘው የክብር መዝገብ ሹም ነው።

መዝገቡ የሚጠቅመው ለጋብቻ ጉዳይ ብቻ አይደለም። በወንጀል ሕጉ መሠረት 9 ዓመት ያልሞላው ልጅ በወንጀል አይጠየቅም፤ ከ9 እስከ 15 ዓመት ያለው ወጣት ለአዋቂዎች የተደነገገው ቅጣት አይፈጸምበትም። በሴት ልጅ ላይ የተፈጸመ የመድፈር ወንጀል ክብደትም በተበዳይዋ ዕድሜ ይለያል። የልደት ማስረጃ በሌለበት ጉዳዩ በሐኪም ግምትና በምስክሮች ቃል ላይ ይወድቃል፤ ግምት ደግሞ በአንድና በሁለት ዓመት ሊሳሳት ይችላል። ለአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ይህ ስሕተት ቀላል አይደለም።

40 ቀን፣ 80 ቀን፣ 90 ቀን

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዓት ወንድ ልጅ በ40 ቀን፣ ሴት ልጅ በ80 ቀን ትጠመቃለች። ሁለቱም ሕጉ ከሰጠው 90 ቀን በፊት ናቸው። እንግዲህ ወላጆች ሕፃኑን ታቅፈው ወደ ቤተ ክርስቲያን በሚመጡበት ዕለት ምዝገባው ገና ጊዜ አለው ማለት ነው። ነገር ግን ለወንዱ 50 ቀን ሲቀረው፣ ለሴቷ የሚቀራት 10 ቀን ብቻ ነው። በኋላ ዕድሜዋ ይበልጥ የሚያከራክረው የሴቷ በመሆኑ፣ እነዚህ 10 ቀናት ሳይባክኑ እንዲያልፉ ማሳሰብ የካህኑና የክርስትና እናቷ ድርሻ ነው። የቀበሌው ጽሕፈት ቤት ሩቅ ለሆነባቸው ወላጆች ደግሞ ማሳሰቢያው ከጥምቀቱ አስቀድሞ ቢነገራቸው ይመረጣል።

ቀኑ ያለፈበትም ቢሆን ተስፋ አይቁረጥ፤ ተጨማሪ ማስረጃ ቢጠየቅም ዘግይቶ መመዝገብ ይቻላል። በዚህ ጊዜ የአጥቢያው የጥምቀት መዝገብ ትልቅ አጋዥ ይሆናል። የክርስትና ምስክር ወረቀት የልደት ምስክር ወረቀትን አይተካም፤ በጥንቃቄ ከተጻፈ ግን የልደቱን ቀን ለማስረዳት ይረዳል። ስለዚህ ከክርስትና ስሙ ጋር የሚጠራበት ስም፣ የተወለደበትና የተጠመቀበት ቀን፣ የወላጆች ሙሉ ስምና ቀበሌያቸው አብረው ይጻፉ። በሕመም ምክንያት ሕፃኑ ከቀኑ ቀድሞ ተጠምቆ ከሆነም ይህ ይገለጽ፤ አለዚያ ከጥምቀቱ ቀን ወደ ኋላ የሚቆጥር ሰው ይሳሳታል።

ተክሊልና ዲያቆናት

አንድ ጉዳይ ሳንሸሽግ ልናነሣ ይገባል። ዲያቆን ቅስና ከመቀበሉ በፊት በሥርዓተ ተክሊል ያገባል፤ ሙሽራይቱም ድንግል መሆን ይገባታል። ይህ ሥርዓት አንዳንድ ጊዜ ገና ያልደረሰች ልጅን ለዲያቆን ለመዳር ምክንያት ሆኖ ይቀርባል። ሥርዓቱ የሚጠይቀው ንጽሕናን እንጂ ሕፃንነትን አይደለም፤ 18 ዓመት የሞላት ልጅም በንጽሕና ልትገኝ ትችላለች። መንጋውን የሚጠብቅ ሰው ትዳሩን ሕግ በመተላለፍ ቢጀምር፣ ነገ ምእመናኑን በምን አፉ ይመክራል?

የቤተሰብ ሕጉ በሃይማኖት ሥርዓት የተፈጸመን ጋብቻ ይቀበላል። ሆኖም ዕድሜንና የሁለቱን ነፃ ፈቃድ ይጠይቃል፤ ጋብቻው በየትኛውም ሥርዓት ቢፈጸም እንዲመዘገብም ያዝዛል። ያልተመዘገበ ጋብቻ ባል ሲሞት ወይም ትዳሩ ሲፈርስ መበለቲቱንና ልጆቿን በመሬትና በውርስ ክርክር ለረጅም የምስክር ሙግት ይዳርጋቸዋል።

ከሰበካ ጉባኤው የሚጠበቀው

በየአጥቢያው ሦስት ነገሮች ቢደረጉ እንመክራለን። አንደኛ፣ ከቅዳሴ በኋላ በሚሰጠው ማስታወቂያ የ90 እና የ30 ቀኑ ገደብ በአማርኛም በኽምጣኛም ይነገር። ሁለተኛ፣ ተክሊል ወይም ቡራኬ ከመሰጠቱ በፊት ካህኑ የሁለቱንም የልደት ማስረጃ ይመልከት፤ ማስረጃ ከሌለ የጥምቀት መዝገቡን ያገላብጥ፤ ዕድሜዋ የሚያጠራጥር ከሆነ ሠርጉ ይቆይ። ሽማግሌዎች ለጥየቃ ከመሄዳቸው በፊት የንስሐ አባቱን ቢያማክሩ ደግሞ ድግስ ከተደገሰ በኋላ የሚመጣው ኀፍረት ይቀራል። ሦስተኛ፣ የጥምቀት መዝገቡ እርጥበትና አይጥ በማይደርስበት ሣጥን ተጠብቆ፣ ኃላፊ ተመድቦለት ይያዝ።

ጌታችን በቤተልሔም የተወለደው ዮሴፍና እመቤታችን ለመመዝገብ በወጡበት ጊዜ እንደ ነበር እናውቃለን። መመዝገብ ለክርስቲያን እንግዳ ነገር አይደለም። በአምደ ወርቅም ሆነ በሩቅ ቀበሌ ዛሬ የምትጠመቅ ሕፃን ከዐሥራ አምስት ዓመት በኋላ ስለ ራሷ የሚመሰክር ወረቀት እንድታገኝ፣ ብዕሩን ዛሬ የምናነሣው እኛ ነን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።