የጋራ ሕንፃዎን ዝናብ ሳይመጣ ያስመርምሩ



በኢትዮጵያ ገጠር ክረምት ከመግባቱ በፊት የጎጆው ክዳን ይታያል፤ የሳሳው ሣር ተነሥቶ በአዲስ ይተካል። ይህን የሚያደርገው የቤቱ ባለቤት ራሱ ነው። በእስራኤል ግን አብዛኛው ሰው የሚኖረው በፎቅ ቤት ስለሆነ ጣሪያው የአንድ ሰው ሳይሆን የሁሉም ነው። የሁሉም የሆነ ነገር ደግሞ ብዙ ጊዜ የሚያየው አይገኝም። የአዲስ ገቢ ቤተሰብ ያለውን ገንዘብ ሁሉ አውጥቶ፣ በመሽካንታ (በቤት መግዣ ብድር) ለብዙ ዓመታት ዕዳ ገብቶ የገዛው ቤት የሚጎዳው በዚህ ምክንያት ነው።

የዝናቡም ወቅት ይለያል። በዚህ አገር በጋው ደረቅ ሲሆን ዝናብ የሚጥለው በአብዛኛው ከኦክቶበር እስከ ኤፕሪል ባሉት ወራት ነው። ስለዚህ ሕንፃው መታየት ያለበት በበጋው መጨረሻ፣ ከሱኮት (ከዳስ በዓል) በፊት ነው። እርጥብ በሆነ ጣሪያ ላይ አዲስ ሽፋን በደንብ አይጣበቅም፤ ባለሙያዎችም ዝናብ ከጀመረ በኋላ ሥራ ስለሚበዛባቸው ቶሎ አይገኙም።

አብዛኛው ጣሪያ ጠፍጣፋ አርማታ ነው። እንደ ጎጆ ክዳን ውኃውን ወዲያው አያፈስም፤ ውኃው በትንሽ ዘቅዘቅታ ወደ መውረጃው ቱቦ ይሄዳል። መውረጃው በቅጠል፣ በርግብ ላባ ወይም በፕላስቲክ ከረጢት ከተዘጋ ጣሪያው ኩሬ ይሆናል። ይህን ማጽዳት የአንድ ሰዓት ሥራ ነው። ቀጥሎ የሬንጁ ሽፋን ይታያል፤ የተሰነጠቀ፣ እንደ አረፋ ያበጠ ወይም ከግድግዳው ጋር በሚገናኝበት ጠርዝ የተላቀቀ ከሆነ ይጠገናል። በዱድ ሼሜሽ (በፀሐይ የሚሠራ የውኃ ማሞቂያ) እግሮች ዙሪያ በተለይ ይታይ። ማሞቂያ ወይም የቴሌቪዥን አንቴና የሚተክል ሠራተኛ ሽፋኑን በስቶ ሳይደፍን ቢሄድ ያ ቀዳዳ ለመጀመሪያው ዝናብ በር ነው። ወደ ጣሪያ የሚወጣው ቫዓድ ባይት (የሕንፃው ነዋሪዎች ኮሚቴ) የመረጠው ሰው ወይም ባለሙያ ይሁን፤ ልጆች እንዳይወጡ በሩ ይቆለፍ።

ውኃ ለምን ይህን ያህል ይፈራል? አርማታ ውስጥ ፌሮ አለ። ውኃ ሲደርሰው ይዝጋል፤ የዛገ ብረት ደግሞ ከበፊቱ የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ አርማታውን ከውስጥ ገፍቶ ይሰነጥቀዋል። እንደ አሽዶድ፣ አሽቀሎንና ነታንያ ባሉ የባሕር ዳር ከተሞች ጨዋማው አየር ዝገቱን ያፋጥነዋል። ከሰገነት ሥር ልስን ሲረግፍ ወይም የዛገ ፌሮ ሲታይ ጉዳዩ የውበት አይደለም። ሳይቃጠል በቅጠል እንደሚባለው፣ ይህ ሳይደርስ ሽፋኑን መጠገን ይሻላል።

እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 2021 በሖሎን ከተማ አንድ የመኖሪያ ሕንፃ ሙሉ በሙሉ ፈረሰ። ነዋሪዎቹ ከአንድ ቀን በፊት እንዲወጡ ስለተደረገ ሰው አልሞተም። እንዲህ ያለ ነገር የሚደርሰው ከስንት አንዴ ነው። ሆኖም በምሰሶ ላይ አዲስ ስንጥቅ ካዩ፣ ስንጥቁ እየሰፋ ከሄደ ወይም በሮች በድንገት አልዘጋ ካሉ፣ የቫዓድ ባይትን ስብሰባ አይጠብቁ። ወደ ከተማው አስተዳደር ይደውሉ፤ በአብዛኞቹ ከተሞች ቁጥሩ 106 ነው።

በቤት ውስጥ እድፍ ወይም ሻጋታ ሲወጣ ቀለም ቀብቶ መሸፈን ገንዘብ መጣል ነው። በመጀመሪያ ምክንያቱን ይለዩ። እድፉ ከዝናብ በኋላ የሚሰፋ ከሆነ ከጣሪያ ወይም ከውጭ ግድግዳ ሊሆን ይችላል። በበጋም የማይደርቅ ከሆነ ቧንቧን ይጠርጥሩ። ከቁም ሣጥን ጀርባና በክፍሉ ማዕዘን ጥቁር ነጠብጣብ ከሆነ ግን፣ ብዙ ጊዜ መስኮት ዘግቶ በማብሰልና ልብስ በቤት ውስጥ በማድረቅ የሚመጣ ነው፤ ለዚህ በየቀኑ መስኮት መክፈት ይረዳል እንጂ ባለሙያ አያስፈልግም። ቧንቧን ለመፈተን ማታ ቧንቧዎችን ሁሉ ዘግተው የውኃ ቆጣሪውን ቁጥር ይጻፉ፤ ጠዋት ማንም ውኃ ሳይነካ ይዩት። ቁጥሩ ከጨመረ ውኃ የሚፈስበት ቦታ አለ። ብዙ ጊዜ ጥፋተኛው ኒያጋራ (የመጸዳጃ ቤት ውኃ ማጠራቀሚያ) ነው።

አሁን ወደ ክፍያው እንምጣ፤ ጎረቤት ከጎረቤት የሚጣላው በዚህ ነውና። «እኔ የምኖረው ምድር ቤት ነው፣ ጣሪያው ምን አገባኝ?» የሚል ሰው አይጠፋም። እ.ኤ.አ. በ1969 በወጣው የማይንቀሳቀስ ንብረት ሕግ መሠረት ግን ጣሪያው፣ ደረጃው፣ የውጭ ግድግዳውና የጋራ ቧንቧዎች የሁሉም ባለቤቶች የጋራ ንብረት ናቸው፤ በታቡ (በመሬት መዝገብ) ለአንድ ቤት ተለይቶ የተሰጠ ካልሆነ በስተቀር። የሕንፃው ደንብ ሌላ ካላለ እያንዳንዱ ባለቤት በቤቱ የወለል ስፋት መጠን ያዋጣል። ጎረቤት እምቢ ካለ ጉዳዩ የመሬት ምዝገባ ተቆጣጣሪ ዘንድ ይቀርባል፤ እርሱም በእንዲህ ያለው ክርክር የዳኛ ሥልጣን አለው።

ቤቱን በኪራይ የያዙ ከሆነ ጥገናው በአብዛኛው የአከራዩ ኃላፊነት ነው። እ.ኤ.አ. በ2017 የተሻሻለው ሕግ አከራዩ ጥያቄ ከቀረበለት በኋላ እስከ 30 ቀን፣ አስቸኳይ ከሆነ እስከ 3 ቀን ውስጥ እንዲጠግን ያዛል። አዲስ ቤት ከኮንትራክተር ከገዙ ደግሞ ሕጉ እንደ ጉድለቱ ዓይነት የተለያየ የጥገና ዘመን ወስኗል፤ ጉድለቱን ያዩ ዕለት ለኮንትራክተሩ በጽሑፍ ያሳውቁት። በቃል የተነገረ ቅሬታ ኋላ አይገኝም።

ባለሙያ ሲቀጥሩ ቢያንስ ከሁለት ሰዎች የጽሑፍ ዋጋ ይቀበሉ፤ ለሥራው ስንት ዓመት ዋስትና እንደሚሰጥ በውሉ ላይ ይጻፍ። ሙሉውን ገንዘብ አስቀድመው አይክፈሉ። ውሉን፣ ደረሰኙንና ከጥገናው በፊትና በኋላ የተነሡትን ፎቶግራፎች ቫዓድ ባይት በአንድ ፋይል ያስቀምጥ፤ ኮሚቴው ሲለወጥ ፋይሉ ለአዲሱ ኮሚቴ ይተላለፍ።