ከደብተሩ የጎደለው ገጽ

በጅቡቲ ከተማ፣ በባልባላ ሆዳን ሠፈር በሚገኘው ቤታችን አንድ ወፍራም ደብተር አለ። የቀድሞው ሠራዊት ሃምሳ አለቃ የነበረው ባለቤቴ፣ ማታ ማታ ሙቀቱ ረገብ ሲል የውትድርና ዘመኑን ትዝታ ይጽፍበታል። እኔም ሻይ እያቀረብኩ አጠገቡ እቀመጣለሁ።

የካራማራው ምዕራፍ በአንድ ሳምንት አለቀ። የካቲት 26 ቀን 1970 ዓ.ም. የተገኘውን ድል ሲጽፍ እጁ አልደከመም፤ አንዳንዴም ብቻውን ይስቅ ነበር። የምፅዋው ግን ከበደው። በየካቲት ወር 1982 ዓ.ም. ከተማይቱ በሻዕቢያ እጅ ስትወድቅ፣ ብርጋዴር ጄኔራል ተሾመ ተሰማ እጅ ከመስጠት ይልቅ የራሳቸውን ሕይወት ማጥፋታቸውን ጻፈ። ምፅዋ ከዚያ በኋላ በአውሮፕላን መደብደቧንም ጻፈና ቀና ብሎ፣ «እዚያ የነበሩት እናቶች የማን እናቶች ናቸው?» አለኝ። መልሴን አልጠበቀም።

በዚያ ዘመን የጦር ሜዳ ዜና ሲነገር የጠላት ሬሳ ይቆጠር ነበር፤ የእኛ ልጆች ቁጥር ግን አይነገርም ነበር። በዓሉ ግርማ በ1975 ዓ.ም. «ኦሮማይ»ን ሲያሳትም መጽሐፉ ከገበያ ተሰበሰበ፤ ደራሲውም በ1976 ዓ.ም. ደብዛው ጠፋ። በመሆኑም ወታደሩ በልቡ ያለውን ሳይናገር መኖርን ለመደ፤ ሚስቱም አለመጠየቅን ለመደች። እኔም አንዷ ነኝ።

ደብተሩ የቆመው ግንቦት 1983 ዓ.ም. ላይ ነው። አሰብ ስትለቀቅ በሺህ የሚቆጠሩ የሠራዊቱ አባላት ወደ ጅቡቲ አቀኑ፤ ድንበሩ ላይም የፈረንሳይ ወታደሮች መሣሪያቸውን እንዲያስረክቡ አደረጉ። ይህን ሁሉ ጽፎታል። በአሰብና በድንበሩ መካከል ያለውን መንገድ ግን ዘሎታል።

ከብዙ ዝምታ በኋላ ነገረኝ። በብሔራዊ ውትድርና የመጣ አንድ የወሎ ልጅ መራመድ አቅቶት ከአንዲት የግራር ጥላ ሥር ተቀምጦ ነበር። «ጋሼ፣ ውሃ» አለው። በኮዳው ውስጥ ጥቂት ውሃ ነበር። ባለቤቴ «የለኝም» ብሎት አለፈ።

«በጦርነት የገደልኩትን ታዝዤ ነው እላለሁ» አለኝ። «ይህን ማን አዘዘኝ?»

ምን ልበለው? በዚያ ውሃ በሕይወት ደርሶልኝ፣ አብዛኞቹ ወደ አገር ቤት ሲመለሱ እዚህ ቀርቶ እኔንም አስመጣኝ። ከሦስቱ ልጆቻችን ሁለቱ የተወለዱት ከዚያ በኋላ ነው። ሌሎች ሴቶች «እግዚአብሔር ይቅር ይልሃል» ብለው ያጽናኑ ይሆናል፤ እኔ ግን የዚያ ውሃ ተካፋይ ስለሆንኩ ቃሉ ከአፌ አልወጣ አለ።

«የልጁን ስም ታስታውሳለህ?» አልኩት።

«ከነአባቱ። አገሩንም ነግሮኛል።»

«እንግዲያው ጻፈው።»

«እናቱ በሕይወት ብትኖርስ?»

«ካለችማ ሠላሳ ዓመት አልፏታል በር በሩን ስታይ።»

ትናንት ማታ ጻፈው። ስሙን፣ የአባቱን ስም፣ የቀበሌውን ስም በጥሩ የእጅ ጽሑፍ አሰፈረ። ስለ ውሃው የተጻፈ ነገር የለም። ከስሙ በታች ሰባት መስመር ባዶ ትቶ እስክሪብቶውን በደብተሩ ላይ አስቀመጠ፤ ዛሬ ጠዋት ቤቱን ስጠርግም እዚያው ነበር።