የሕመምተኛው ነፍስና የነርሷ ድርሻ

በክርስትና ሕመምተኛን መጠየቅና ማስታመም ከእምነቱ ተነጥሎ የሚታይ በጎ አድራጎት አይደለም። በማቴዎስ ወንጌል ምዕራፍ 25 ክርስቶስ የታመመውን መጠየቅ እርሱን መጠየቅ እንደሆነ ስላስተማረ፣ ምእመናን ከጥንት ጀምሮ አልጋ ላይ የወደቀን ሰው ሲያገለግሉ ጌታቸውን እንደሚያገለግሉ ያምኑ ነበር። በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ቅዱስ ባስልዮስ በቀጰዶቅያ ቂሣርያ ለድውያን፣ ለለምጻሞችና ለእንግዶች ያሠራው መጠለያ የዚህ እምነት ፍሬ ነው። ዘመናዊው የነርስነት ሙያም አንዱ ሥሩ እዚሁ ነው፤ የሙያው ፈር ቀዳጅ ፍሎረንስ ናይቲንጌል እ.ኤ.አ. በ1851 የሠለጠነችው ጀርመናዊው ቄስ ቴዎዶር ፍሊድነር በ1836 በካይዘርስቨርት ባቋቋመው የሴት ዲያቆናት ተቋም ነበር።

ለሞት የተቃረቡ ሰዎች እንክብካቤ ዛሬ ያለውን መልክ እንዲይዝ ትልቁን ሥራ የሠራችው ግን እንግሊዛዊቷ ሲሲሊ ሳንደርስ ናት። ሳንደርስ በመጀመሪያ ነርስ ነበረች። የጀርባ ሕመም ሥራውን ሲያስተዋት የሕሙማንን ማኅበራዊ ችግር የምትከታተል የሆስፒታል ሠራተኛ ሆነች፤ በኋላም ሕክምና ተምራ እ.ኤ.አ. በ1957 በሐኪምነት ተመረቀች። እ.ኤ.አ. በ1948 በካንሰር የሞተው ዴቪድ ታስማ የተባለ ፖላንዳዊ አይሁዳዊ ስደተኛ፣ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት እየተመላለሰች ስትጠይቀው ስለ ሞትና ስለ ሕይወት ብዙ ተጨዋውተው ነበርና፣ 500 ፓውንድ ተናዞላት አለፈ። ሁለቱ ያለሙት ቤት፣ ማለትም ለሞት የተቃረቡ ሰዎች እንክብካቤ የሚያገኙበት የቅዱስ ክሪስቶፈር ሆስፒስ፣ በደቡብ ለንደን የተከፈተው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው። ሆስፒሱ በክርስቲያናዊ እምነት ላይ ቢመሠረትም በሩ ለማንኛውም እምነት ተከታይ፣ እምነት ለሌለውም ጭምር ክፍት ነበር።

ሳንደርስ ያስተማረችው ዋና ነገር የሰው ሥቃይ ተከፋፍሎ እንደማይመጣ ነው። የሰውነት ሕመም፣ የስሜት ጭንቀት፣ የቤተሰብና የኑሮ ሐሳብ፣ የነፍስ ጥያቄ በአንድነት ይከብዳሉ፤ አንዱ ሌላውን ያባብሳል። ሥራዋን የጀመረችው ግን ከሰውነት ነው። ሞርፊን ሕመምተኛው በሥቃይ ሲጮኽ ብቻ የሚሰጥ መሆኑ ቀርቶ፣ ሕመሙ ሳይመለስ በፊት ሰዓቱን ጠብቆ እንዲሰጥ አደረገች። ይህ ቅደም ተከተል ሊዘነጋ አይገባም። በሥቃይ የሚገላበጥ ሰው ሐሳቡን ሰብስቦ መጸለይም፣ ከልጆቹ ጋር መነጋገርም ይሳነዋል። ስለዚህ ማስታገሻውን በወቅቱ መስጠት፣ ቁስሉን ማጽዳት፣ ከንፈሩን ማርጠብ፣ ጎኑን ማገላበጥ ራሳቸው የመንፈሳዊ እንክብካቤ መጀመሪያ ናቸው። ሥቃዩ ሳይታገሥለት ጸሎት ብቻ የሚደረግለት ሰው ግማሹን እንክብካቤ ተነፍጓል።

የነፍስ ሥቃይ በሙቀት መለኪያ አይታወቅም። አንዱ ሕመምተኛ «ምን በድዬ ነው?» እያለ በሽታውን እንደ ቅጣት ይቆጥረዋል። ሌላው ያልታረቀው ወንድሙ፣ ያልከፈለው ዕዳ ወይም ያላሳደጋቸው ልጆች ያስጨንቁታል። ሌሊት እንቅልፍ ማጣት፣ ጠያቂ አለመፈለግ፣ ፊትን ወደ ግድግዳ ማዞር ምልክቱ ሊሆን ይችላል። ነርሷ ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ እንድትሰጥ አይጠበቅባትም። የሚጠበቅባት አጠገቡ ተቀምጣ ሳታቋርጥ መስማት፣ በችኮላም «አይዞህ፣ ትድናለህ» ብላ ወሬውን አለመዝጋት ነው።

በኢትዮጵያ ይህን ሥራ የሚያከብደው አንድ ልማድ አለ። ቤተሰብ ሕመምተኛው እንዳይደነግጥ በማሰብ የበሽታውን ምንነት ይደብቀዋል፤ አስታማሚው ሐኪሙን በር ላይ ጠብቆ «ለእሱ እንዳትነግሩት» ይላል። ምንጩ ፍቅር ነው። ነገር ግን ሞት መቃረቡን ያላወቀ ሰው የነፍስ አባቱን አስጠርቶ ንስሐ ለመግባት፣ ኑዛዜ ለመስጠት፣ ከተጣላው ለመታረቅ ዕድል ያጣል። ክርስቲያን ቤተሰብ ከምንም በላይ የሚፈልገው ሰውየው ተዘጋጅቶ እንዲያርፍ ሆኖ ሳለ፣ ዝምታው ይህንኑ ይነሳዋል። ብዙ ጊዜ ሕመምተኛው ሁኔታውን ቀድሞ ያውቃል፤ እሱም ለቤተሰቡ ሲል ዝም ይላል። ጥሩ ነርስ ቤተሰቡን ሳትጋፋ፣ ሕመምተኛው ምን ያህል ማወቅ እንደሚፈልግ ራሱን ትጠይቀዋለች፤ ከዚያም ለቤተሰቡና ለሐኪሙ መነጋገሪያ መንገድ ታመቻቻለች።

ካህን የሚጠራበትን ጊዜ መምረጥም የነርሷ ድርሻ ነው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ቤተ ክርስቲያን ንስሐ መግባት አእምሮን፣ ሥጋ ወደሙ መቀበል ደግሞ መዋጥ መቻልን ይጠይቃል። ካህኑ ሕመምተኛው ራሱን ከሳተ በኋላ ቢጠራ ብዙው ነገር ያልፋል። የቀንዲል ጸሎትና ቅብዐት፣ በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 5 ላይ የተመሠረተው፣ ለፈውስ የሚደረግ እንጂ ለሞት ብቻ የተለየ አይደለም። በካቶሊክ ቤተ ክርስቲያንም ካህን ሕሙማንን ይቀባል። በወንጌላውያን አብያተ ክርስቲያናት መጋቢውና ሽማግሌዎች እጅ ጭነው ይጸልያሉ፣ አብረውም ይዘምራሉ። ወንድ ሕፃን በ40፣ ሴት ሕፃን በ80 ቀን በሚጠመቁበት የኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት፣ ሕፃኑ በሞት አፋፍ ላይ ከሆነ ቀኑ ሳይደርስ ሊጠመቅ ስለሚችል፣ ለቤተሰቡ በጊዜ መንገር ያስፈልጋል።

ጸበልና መድኃኒት የሚጋጩ የሚመስላቸው ሕሙማን አሉ፤ መድኃኒት መውሰድ እምነትን እንደ ማጉደል ይታያቸዋል። የኤችአይቪ ሕሙማን በእንጦጦ ማርያም ጸበል በብዛት በሚሰባሰቡበት ወቅት፣ በ1999 ዓ.ም. ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበሉንና የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒቱን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ ገልጸዋል። ነርስ በራሷ ሥልጣን ከመከራከር ይልቅ የሕመምተኛው የነፍስ አባት እንዲያስረዱት ብታደርግ ይበልጥ ትሰማለች። ጾምን በተመለከተም እንዲሁ ነው።

ወሰንም አለ። አቅም ያጣ ሰው «ተዉኝ» ለማለት እንኳ ይቸግረዋልና፣ አልጋው የስብከት ቦታ ሊሆን አይገባም። ነርሷ ሕመምተኛው ሲጠይቃት አብራው ልትጸልይ ትችላለች፤ ካልፈለገ እንክብካቤው አይጎድልበትም። ሙስሊም ሕመምተኛ ካለ ዘመዶቹ ሸሃዳን፣ ማለትም የእምነት ምስክርነት ቃሉን፣ እንዲያስታውሱት ቦታ ማመቻቸትም ግዴታዋ ነው።

ሞት ከደረሰ በኋላ የሚቀረው ጥቂት ቢሆንም ከባድ ነው። ቱቦዎችን ማውጣት፣ ዓይንን መክደን፣ አስከሬኑን በክብር መሸፈን የነርሷ ሥራ ነው። ቤተሰቡ ተሰናብቶ እስኪጨርስ አልጋውን ለሌላ ሰው ለማስለቀቅ መቸኮል አይገባም። እጥበቱና ግንዘቱ እንደ ሥርዓቱ እንዲፈጸም አስከሬኑን ስታስረክብ፣ ሟቹ በመጨረሻ የተናገረው ወይም የላከው መልእክት ካለ ለቤተሰቡ ትነግራለች።