ከ40 ዓመት በላይ የቆዩት የጽሑፍ ጌሞች ብራውዘር ላይ እንዴት ይከፈታሉ?

ምስል የለም፣ ድምፅም የለም። ስክሪኑ ላይ «ጨለማ ክፍል ውስጥ ነህ፤ በሰሜን በኩል በር አለ» የሚል ጽሑፍ ይመጣል። «ሰሜን» ብላችሁ ስትጽፉ ቀጣዩ ክፍል ይመጣል። እዚያ ክፍል ውስጥ ሌላ አገር ያለ ተጫዋች ካለ ታወሩታላችሁ፣ ከፈለጋችሁም ትዋጉታላችሁ። እነዚህ ጌሞች «ማድ» ይባላሉ።

የመጀመሪያውን እ.ኤ.አ. በ1978 እንግሊዝ አገር፣ ኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሮይ ትሩብሾ የተባለ ተማሪ ጀመረው፤ ሪቻርድ ባርትል ደግሞ ተቀብሎ አሳደገው። ከዚያ በኋላ ከተሠሩት ውስጥ ዛሬም ሰው የሚጫወታቸው አሉ።

ታዲያ ችግሩ ምንድን ነው?

ማዶች የሚያወሩት «ቴልኔት» በሚባል አሮጌ የኢንተርኔት መገናኛ ነው። እነ ክሮምና ፋየርፎክስ ደግሞ ለደህንነት ሲባል አንድ ድረ ገጽ እንዲህ ዓይነት መስመር በቀጥታ እንዲከፍት አይፈቅዱም። ስለዚህ ለመጫወት የግድ ፕሮግራም መጫን ያስፈልጋል። በሰው ኮምፒውተር ወይም በትምህርት ቤት ላብ ግን ማን ያስጭናችኋል? ድሮ በጃቫና በፍላሽ ይሞከር ነበር፤ ፍላሽ በ2020 መጨረሻ ሲቋረጥ ያም መንገድ ቀረ።

መፍትሔው መሀል ላይ አስተርጓሚ ማስቀመጥ ነው። ብራውዘሮች «ዌብሶኬት» የሚባል መስመር አላቸው፤ ደረጃው የወጣለት በ2011 ነው። አስተርጓሚው ፕሮግራም ከብራውዘሩ ጋር በዌብሶኬት፣ ከጌሙ ጋር በቴልኔት ያወራል። የጌሙ ኮድ አይነካም፤ ተጫዋቹም ሊንኩን ከፍቶ መግባት ነው፣ በቃ።

ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ብራውዘሩ ላይ የቁልፍ ምልክት ብታዩም ቁልፉ የሚጠብቃችሁ እስከ አስተርጓሚው ድረስ ብቻ ነው። አስተርጓሚውን የያዘው ሰው ፓስወርዳችሁን ማየት ይችላል። ስለዚህ የጌሙ ባለቤቶች ራሳቸው ያዘጋጁትን ገጽ ምረጡ፤ የኢሜይላችሁን ፓስወርድም እዚያ አትድገሙት። ሌላው ደግሞ፣ አስተርጓሚው የእያንዳንዱን ተጫዋች አድራሻ ካላስተላለፈ ጌሙ ሁሉንም ከአንድ ቦታ እንደመጡ ነው የሚያያቸው። አንድ ረባሽ ሲታገድ ምንም ያላጠፉትም አብረው ይታገዳሉ።

ይሄ ነገር ከሁሉም በላይ የሚጠቅመው ዓይነ ስውራን ተጫዋቾችን ነው። ጌሙ ሙሉ በሙሉ ጽሑፍ ስለሆነ ስክሪን ሪደር ያነብላቸዋል፤ ከሚያይ ሰው ጋር እኩል ይጫወታሉ። ነገር ግን ገጹን የሠራው ሰው «አዲስ ጽሑፍ ሲመጣ አንብብ» የሚለውን ምልክት ኮዱ ውስጥ ካላስገባ ስክሪን ሪደሩ ዝም ይላል። አንድ መስመር ኮድ ተረሳ ማለት እነሱ ከበር ተመለሱ ማለት ነው።

በአማርኛስ መጫወት ይቻላል? አሮጌዎቹ ማዶች የተጻፉት አንድ ፊደል አንድ ባይት ብቻ ነው በሚል ሐሳብ ነው። የግዕዝ ፊደል ግን በዩቲኤፍ-8 ሦስት ባይት ይይዛል። ስለዚህ «ሰላም» ብላችሁ ብትጽፉ አንዳንዱ ጋ የጥያቄ ምልክት ሆኖ ሊወጣ ይችላል። እዚህ ላይ ብራውዘሩም አስተርጓሚውም አያድኑም፤ መስተካከል ያለበት ጌሙ ራሱ ነው።

ማድ ተጫውታችሁ የምታውቁ ካላችሁ፣ በተለይ በስክሪን ሪደር የምትጠቀሙ፣ ኮመንት ላይ ጻፉልን።